የቆረቆንዳ ወፎች

የጎረቤቴ ልጅ ሰሞኑን ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ እቤቴ ጎራ ብላ በወረቀት የሠራቻትን እርግብ አሳየችኝ። ክንፏ አረንጓዴ፣ ሆዷ ቢጫ፣ ጭራዋ ቀይ። ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው አለችኝ። ወረቀቱ ቀለሙን ይዞ ከሱቅ የመጣ፣ ማጣበቂያው በብልቃጥ የተሞላ፣ መቀሱም ለየልጁ አንዳንድ የታደለ ነው። አገላብጬ አየኋትና "ጎበዝ! በጣም ታምራለች" አልኳት። ውሸቴን ነው። በሆዴ "ይቺንማ ማን ያቅተዋል" እያልኩ ነበር። ሰማንያ ልደፍን ጥቂት ቀርቶኝ አሁንም በአምስት ዓመት ልጅ ሥራ እቀናለሁ።

እኔ ልጆች ወፍ ሳሠራ መቀስ አልነበረኝም። በትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ መቀስ ነበረች፤ እሷም ዳይሬክተሩ ጢሙን የሚከረክምባት ናት፣ ለማንም አይሰጣትም። የኔ ወፎች አካላቸው ቆረቆንዳ ነበር፤ በቆሎው ከተፈለፈለ በኋላ የሚጣለው። ራሳቸው የባሕር ዛፍ ፍሬ፣ መንቁራቸው የአጋም እሾህ፣ ላባቸው ደግሞ የፋሲካ ዶሮ። ይህ ሁሉ ፍኖተ ሰላም ነው፤ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ በንጉሡ ዘመን። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ መምህርትም ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ።

የሕፃናቱን ክፍል ያስከፈትኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ከአንደኛ ክፍል በታች የሚባል ነገር አያውቅም። ፊደል ያልለየ ልጅ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካሉት የኔታ ዘንድ ይሄዳል፤ ዳዊት ሲደግም ወይም ጥርሱን ሲለውጥ ወደኛ ይመጣል። ዳይሬክተሩ "ሕፃን ለየኔታ ነው፤ እኛ ምን ቤት ነን?" እያለ ዓመት ሙሉ አንገላታኝ። እኔም ዓመት ሙሉ ጨቀጨቅሁት። ለአገር ዕድገት ይበጃል አልኩት። በሌላ አገር እንዲህ ያደርጋሉ አልኩት፣ የሌላውን አገር ሳላውቅ። የተሰባበረ ወንበር የሚጣልበትን ክፍል ራሴ ጠርጌ፣ ግድግዳውን በነጭ አፈር ለቅልቄ፣ ለመቀመጫ ግንድ አስደርድሬ ቆየሁት።

በመጨረሻ ሰለቸው መሰለኝ፣ "እሺ፣ እስከ ሰኔ ሞክሪው" አለኝ። "ግን ሚያዝያ ሃያ ሰባት ለበዓሉ ከደብረ ማርቆስ ተቆጣጣሪ ይመጣሉ። ልጆችሽ እፊታቸው የሚያሳዩት ነገር ይኑራቸው፤ አገር የሚያስመሰግን ነገር። ከወደዱት ለከርሞ ይቀጥላል። ካልወደዱት ልጆቹ ወደየኔታቸው፣ አንቺም ወደ ሦስተኛ ክፍልሽ።"

ለአገር ዕድገት ያልኩት ውሸት አልነበረም። ዋናው ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም። እኔ ልጅ ነበረችኝ፤ አምስት ዓመት ሊሞላት ነበር።

ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ዳሩኝ፤ ትዳሩ ሁለት ዓመት አልቆየም፤ አራስ ልጅ ታቅፌ ከቡሬ የሁለት ሰዓት መንገድ ወደሚርቀው የእናቴ ቤት ተመለስኩ። እናቴ ሕፃኗን ከእጄ ተቀብላ "ስጪኝና ሂጂ ተማሪ፤ አንቺ እንደኔ ማሳ ለማሳ አትቀሪም" አለችኝ። ሄድኩ። የመምህራን ማሠልጠኛው ሲቀበለኝ "ልጅ አለሽ ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። "የለኝም" አልኩ። ልጅ ያላትን እንደማይወስዱ ሰምቼ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀኝ ሁሉ "እናትሽ ዘንድ ያለችው ሕፃን ማን ናት?" ሲለኝ "ትንሿ እህቴ ናት" እላለሁ። አንድ ጊዜ የተናገሩት ነገር ቤት ይሠራል፤ የኔም ውሸት ቤት ሠራ። ልጄ እናቴን "እማ" ብላ አፏን ፈታች። እኔን "እታለም" አለችኝ፤ ታላቅ እህቷ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ አውቶቡስ ይዤ ቡሬ እወርዳለሁ፤ ከዚያ በእግሬ። ከሩቅ ስታየኝ ትሮጣለች፤ ግን ወደኔ አይደለም፣ ወደ ቤት ነው። "እማ፣ እታለም መጣች!" ትልና በርጩማ ይዛ ትወጣለች፣ ቀጥሎ የእግር ውሃ። እንግዳ አክባሪ ልጅ ነበረች፤ እናቴ ደህና አድርጋ ነው ያሳደገቻት። ሰው ሲያመሰግናት እኔ አንጀቴ ያርር ነበር። ከእናቴ ጉያ ተሸጉጣ ስትተኛ እኔ ማዶ መደብ ላይ ተጋድሜ ትንፋሿን እሰማለሁ። እሁድ ከሰዓት ተመልሼ ስሄድ ራሷን እስማለሁ፤ የቅቤና የጭስ ሽታ አለው። ፍኖተ ሰላም እስክደርስ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ያን ሽታ እንዳይበተንብኝ እጠብቀው ነበር። ሰዎች አቧራ ፈርታ ነው ይሉኝ ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። ክፍሉ ከተፈቀደ ልጄን ወደኔ አመጣታለሁ፤ ሰው ቢጠይቅ "እህቴን ላስተምራት" ነው መልሴ። ቀን እኔ ዘንድ ትማራለች፤ ሲመሽ እኔ ዘንድ ታድራለች። አንድ ቀን ጎኔ ተቀምጣ ሳለ እውነቱን እነግራታለሁ። ትንሽ የሽቦ አልጋ ገዝቼ ከኔ አልጋ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሸራ ጫማም ገዛሁላት፤ እግሯን በሸንበቆ ለክቼ ሸንበቆውን ይዤ ነበር የመጣሁት።

አሁን የቀረኝ ተቆጣጣሪውን የሚያስደስት ነገር ነው። ባለ ሦስት ቀለም ወፍ ታሰበኝ። ለምን ወፍ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ ለትንሽ እጅ ስለሚቀል ነው። ቆረቆንዳው ሲደርቅ ሆዱ ልል ነው፤ በእሾህ ወጋ አድርገው ላባውን ቢሰኩበት ያለ ማጣበቂያ ይይዛል። ከራሱ በኩል አረንጓዴ፣ መሀሉ ቢጫ፣ ጭራው ቀይ። ከሥር የሸንበቆ ዘንግ ይገባለትና ልጁ ከፍ አድርጎ ይዞት ይሰለፋል። የአራት ዓመት ልጅ ይሠራዋል፤ ሠርተውታልም።

ሆሳዕና ሰሞን ልጆቹን ሰብስቤ "ለፋሲካ ዶሮ ሲታረድ ላባው እንዳይጣል። ታጥቦ፣ ደርቆ ይምጣልኝ" አልኳቸው። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሃያ ሦስቱም እቅፍ እቅፍ ላባ ይዘው መጡ። ግን ያን ዓመት ከተማው ተማክሮ ይመስል ሁሉም ቀይና ገብስማ አርዷል። ቀዩ ለጭራ ይሆናል፤ ገብስማው ግን ቀለም አይቀበልም። አረንጓዴና ቢጫ ለመንከር ነጭ ላባ ያስፈልጋል።

ነጩን ላባ ያመጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። አባቷ ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው እስላም ነጋዴ ናቸው፤ ሴቶች ለስፌት አለላ የሚነክሩበትን የዱቄት ቀለም የሚሸጡት እሳቸው ናቸው። እነሱ ቤት ፋሲካ የለም። ልጅቱ ግን "መምህርት አምጡ ብላለች" ብላ እናቷን መድረሻ አሳጥታ ለዚሁ ሲባል ሁለት ነጭ ዶሮ ታርዶላታል። በከረጢት ጠቅጥቃ፣ ከረጢቱን በሁለት እጇ አቅፋ ገባች። ደስ አለኝና ጉንጯን ሳምኳት።

ላባውን ሁሉ አንድ ሰፌድ ላይ አስገልብጬ ቀለሙን ለመግዛት ወጣሁ። ስመለስ ሰፌዱ ሁለት ሆኗል። በአንዱ ላይ ቀዩና ገብስማው፤ በሌላው ላይ ነጩ ብቻውን። በመካከላቸው አንድ ረድፍ ጠጠር ተደርድሯል።

"ይሄ ምንድነው?" አልኩ።

"ይሄ የክርስቲያን ላባ ነው፤ ያ ደግሞ የእስላም ላባ ነው" አለኝ አንዱ፣ ተንበርክኮ ጠጠር እያስተካከለ። "እኛ የእስላም ሥጋ አንበላም።"

"ላባ እኮ ነው። ማን ብሉት አላችሁ?"

"ከሥጋው ላይ ነው የወጣው፣ መምህርት።"

በየቤታቸው ሥጋ ሲለይ፣ ቢላ ሲለይ፣ ለድግስ ዳስ ሲለይ ያዩትን ነው እነሱም ያደረጉት፤ ቅር ያላቸው ነገር የለም፣ ልጅቱም ቅር አላላትም። ከነጩ ሰፌድ አጠገብ ተቀምጣ ነፋስ እንዳይወስደው በእጇ ከልላ ትጠብቃለች። እኔ ግን ተናደድኩ። በልጆቹ አይደለም፤ አሥር ቀን ብቻ ቀርቶኝ ስለነበር ነው። "ቀለም ሲገባ የማን እንደሆነ ማን ሊለየው!" ብዬ ማንንም ሳላማክር፣ የማንም ቤት ድስት እንዳይሆን በዘይት ቆርቆሮ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ሦስት ጉልቻ ጎልቼ አፈላሁት። ነጩን ግማሹን አረንጓዴ፣ ግማሹን ቢጫ። ቀዩንም ይበልጥ እንዲደምቅ ቀይ ቀለም ውስጥ ነከርኩት። ልጆቹ ከበው ያዩኛል። ሲቀዘቅዝ ከቆርቆሮው እያወጡ ድንጋይ ላይ እንዲያሰጡ አዘዝኳቸው፤ አሰጡ። እጃቸው እስከ አንጓቸው አረንጓዴ ሆነ። ጨረስኩ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ደወል ተደውሎ ክፍሌ ስገባ አንዲት ልጅ ብቻ ናት ያለችው፤ የቀለም ነጋዴው ልጅ። ግንዱ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

"ልጆቹስ?" አልኳት።

"የኔታ ዘንድ ሄዱ።"

"ምን ሊያደርጉ?"

"ጠበል ሊረጩ" አለችኝ። ቀጥላም "እኔንም ነይ ብለውኝ ነበር፤ እማዬ ትቆጣለች ብዬ ነው" አለች።

የእስላም ሥጋ በስሕተት የበላ ሰው ካህን ዘንድ ሄዶ ጠበል ይረጫል። ሃያ ሁለቱ ሕፃናት እናት አባታቸውን እንኳ ሳይጠይቁ ራሳቸው ፈርደው፣ ራሳቸው ሄደዋል። የኔታ ደግሞ ክፍሉ ከተከፈተ ወዲህ ግቢያቸው ጭር ብሎባቸው እንደተቀየሙኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል። "ልጆቹን አረከሰች" የምትል አንዲት ቃል ከአፋቸው ብትወጣ ነገ አንድም እናት ልጇን አትልክልኝም። ተቆጣጣሪው ባዶ ክፍል ያያሉ። እየሮጥኩ ስሄድ ዓይኔ ላይ የነበረው ያቺ ሰው ያልተኛባት የሽቦ አልጋ ነበረች።

ስደርስ ልጆቹ ከትንሽ እስከ ትልቅ በቁመት ተሰልፈዋል፤ እኔ እንዳስተማርኳቸው አድርገው። የኔታ ዋንዛው ሥር ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። እጅ ነሥቼ ቆምኩ። አላዩኝም፤ ወይም እንዳላየ ሆኑ።

"ምን ሆናችሁ ነው ያላችሁኝ?" አሉ።

"የእስላም ላባ ነክተን" አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

"በላችሁት?"

"አልበላንም፣ የኔታ!"

"ላባ ይበላል?"

ልጆቹ ተያዩ። "አይበላም፣ የኔታ።"

"እንግዲያው ምኑን ልርጨው?"

ከፊት ያለችው ትንሿ ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው። አረንጓዴ ነው። የኔታ እጇን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት፤ ተራ በተራም የሌሎቹን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያዘኑ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ አፍኗቸው ነው። "ይህንስ ጠበል አያወርደውም፤ እንዶድ ነው እንጂ!" አሉ። ገንቧቸውን አስመጥተው ግን ባዶ እጅ አልመለሷቸውም፤ የሁሉንም ፊት በየተራ አጠቡ፤ "ዓይናችሁን ሳትታጠቡ የመጣችሁ አላችሁ" እያሉ። ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ። "መምህርት፣ ልጆቼን ስትወስጅብኝ አዝኜብሽ ነበር። እንዲህ የሚያደክሙ ኸሆነ ግን እንኳን ወሰድሽልኝ" አሉ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ልጆቹን እየነዳሁ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ጠጠር አልደረደረም። ቆረቆንዳ መውጋት፣ ላባ መሰካት ነው ሥራችን። ዳይሬክተሩ በየቀኑ እየመጣ "አረንጓዴው ከላይ! አረንጓዴው ከላይ! ያስጠይቀናል!" ይላል። ወፏ ስትጋደም ከላይ የቱ እንደሆነ ለሱም አልገባውም፤ አንዷን ቀጥ አድርጎ፣ ደግሞ አዙሮ፣ ደግሞ ደፍቶ ሲመረምራት ልጆቹ በሳቅ ይፈነዳሉ።

ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀር እናቴ ልጄን ይዛ መጣች። በዓሉን እንድታይ ብዬ ልኬባት ነበር፤ እዚሁ እኔ ዘንድ ላስቀራት ማሰቤንም ለእናቴ ነግሬያታለሁ። የልጄ ራስ ዙሪያውን ተላጭቶ መሀሉ ጋሜ ነው፤ አዲስ ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል። ክፍል አስገብቼ ከፊት አስቀመጥኳት። "ይቺ እህቴ ናት" አልኩ ለልጆቹ። እናቴ ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

ቆረቆንዳና እሾህ ሰጠኋት። ዙሪያዋን ያሉትን ወፎች ግራ ገብቷት አየች።

"እታለም፣ ወፍ እኮ እህል ይበላል" አለችኝ። "እኔና እማ ማማ ላይ ወጥተን 'እሽ!' ስንል ነው የምንውል። ለምን ትሠሩታላችሁ?"

"ይሄኛው እህል አይበላም። የሰንደቅ ዓላማ ወፍ ነው።"

"ታዲያ ምን ይበላል?"

በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ እንዲህ ብትጠይቀኝ ብዬ ጎመጀሁ። በየጠዋቱ፣ እራት ላይ፣ ፀጉሯን ስሠራላት። "እንጃ፣ አንቺ ምን እናብላው ትያለሽ?" አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ላባውን እየመረጥኩ ስሰጣት እሷ ትሰካለች። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ነበር የምትሠራው። እኔም እንደዚያ ነው የምሠራው፤ እናቴ ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ያየ ቢኖር ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ ሕፃናት ናቸውና ማንም አላየም። መሀል ላይ እሾሁ ጣቷን ወጋት። እጄን ዘረጋሁላት። ተነሥታ በአጠገቤ አልፋ ወደ ውጭ ሮጠች፤ "እማ! እማ!" እያለች። በመስኮት አየኋቸው፤ እናቴ ጣቷን አፏ ውስጥ አድርጋ መጠጠችላት።

በዓሉ ደረሰ። ሜዳው ላይ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሏል፤ ሕዝቡ ሁሉ ወጥቷል። የኔ ሃያ ሦስትና ልጄ፣ ሃያ አራት ወፍ በሃያ አራት ዘንግ ላይ ከፍ ብሎ መጣ። ነፋስ ነበር፤ ላባው ሁሉ ይርገበገባል፤ ከሩቅ ሲያዩት የሚበር ነው የሚመስል። ሕዝቡ "እሰይ!" አለ። ተቆጣጣሪው፣ መነጽር ያደረጉ ኮስታራ ሰው፣ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ልጆቹ ወረዱ። አንዱ ፊት ቆመው "ይህ ምን ወፍ ነው፣ ልጄ?" አሉት።

ለዚህ ጥያቄ ሳምንት ሙሉ አስጠንቻቸዋለሁ፤ "የነፃነት ወፍ ነው" ነበር መልሱ። ልጁ ቀና ብሎ አያቸውና "ዶሮ ነው" አለ። "በፋሲካ በልተነዋል።"

ዳይሬክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ጠርተው ጨበጡኝ። "ክፍሉ ይቀጥላል፤ የወንበሩንም ነገር እናስብበታለን" አሉኝ። ከዚያ የሚሉትን አልሰማሁም። በሕዝቡ መካከል እናቴንና ልጄን ፈልጌ ለማግኘት ዓይኔ ይቃብዝ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ የልጄን ልብስ አጣጥፋ በአንድ ጨርቅ ቋጥራ አገኘኋት። የልጄን ብቻ ነው የቋጠረችው።

"ልጅሽ ናት" አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። "ያን ጊዜም ስጪኝ አልኩሽ እንጂ ተይልኝ አላልኩሽም። ነገ ብቻዬን እገባለሁ። ኸሄድኩ በኋላ ንገሪያት፤ እኔ ባለሁበት አይሆንልሽም።"

ቋጠሮው በደንብ ታስሮ ሳለ ደጋግማ ታጠብቀው ነበር። አየሁ፤ ያላየሁ መሰልኩ። የልቤ ደርሷልና ጨከንኩ።

በማግሥቱ ጠዋት የቡሬው አውቶቡስ የሚቆምበት ሄድን። እናቴ ሳትስማት ቶሎ ገብታ ተቀመጠች፤ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ልጄ አዲሱን ሸራ ጫማ አድርጋ እጄን ይዛ ቆማለች። አላለቀሰችም። የሚያለቅስ ልጅ አባብላለሁ፤ ሥራዬ ነው። እሷ ግን ስታስብ ቆየችና ቀሚሴን ጎተት አደረገችኝ።

"እታለም፣ እኔን የፈለግሽኝ ልጅ ስለሌለሽ ነው?"

"አለኝ፤ አንቺ ነሽ" ልላት ነበር። ጊዜው ያ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ጊዜ በሕይወቴ አልመጣም። አፌን ከፈትኩ።

"አንቺ እኮ ያ ሁሉ ልጅ አለሽ" አለችኝ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ በጣቷ እያሳየች። "እማ ግን ያለችው እኔን ብቻ ነው።"

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ለመናደድ ሞከርኩ፤ ማን ላይ እንደምናደድ አጣሁ። ዓመት ሙሉ ለምኜ ያስከፈትኩት ክፍል፣ ልጄን አመጣበታለሁ ያልኩት፣ እሷን ወደ እናቴ የሚመልስ ምክንያት ሆኖ በጣቷ እየተጠቆመ ነው። ብብቷ ሥር ይዤ አነሣኋትና አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አቆምኳት። ቋጠሮዋን አቀበልኳት። እናቴ ዞራ አየች። ፈቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

ክፍሉ ዓመት አልፎ ዓመት ቀጠለ። በየሚያዝያው ቆረቆንዳ ሰበሰብኩ፤ ላባ ነከርኩ። ስንቱን ልጅ እንዳሠራሁ እግዜር ይወቀው፤ ሁሉም "መምህርት" እያሉ እላዬ ላይ ይንጠለጠሉ ነበር፤ እወዳቸውም ነበር። ቅዳሜ ሲሆን ግን አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ነኝ። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አንዲት የጎረቤት ሴት ከእናቴ ጋር ተጣልታ እውነቱን ዘረገፈችላት። እኔን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። እታለም ማለቷን አላቆመችም። እኔም ስትጠራኝ አቤት ማለቴን አላቆምኩም። ለትምህርት ቡሬ ስትገባ እኔም ወደዚያው ተዛውሬ አጠገቧ ቤት ተከራየሁ፤ ሠርጓን ደገስኩ፤ ልጆቿን አራስ ቤት ገብቼ ተቀበልኩ። ሌላ ሰው ይህን ሁሉ ከቆጠረ ምን ጎደለሽ ይለኛል። የጎደለኝን አውቀዋለሁ፤ አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም ለሌላ ሰው ሰጥቻታለሁ።

እናቴ የሞተችው በእርጅናዋ፣ በሰላም፣ ልጄ እጅ ላይ ነው። ልቅሶው ላይ እኔና ልጄ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሁለታችንም ጥቁር ለብሰን፣ ሁለታችንም ራሳችንን አስረን፣ ሁለታችንም "እማ" እያልን ነበር የምናለቅሰው። ከሩቅ የመጡ አንድ የማያውቁን ሽማግሌ ከፊታችን ቆሙ።

"እግዜር ያጽናችሁ" አሉን። "እህትማማቾች ናችሁ አይደል? እንግዲህ እናት የላችሁም፤ እርስ በርሳችሁ ተያያዙ።"

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

"አሜን፣ አባቴ" አለቻቸው።

እኔም አሜን አልኩ።